ዓይን የት ይረፍ? የተፈጥሮ ፎቶዎቻችሁን ከአነሳስ እስከ ኤዲት የማሻሻያ መመሪያ

ጎንደር ላይ ፎቶ ለሚያነሳ ሰው የሚያምር ነገር ሞልቷል። ችግሩ መብዛቱ ነው። ከተማውን ከላይ የሚያሳየው ጎሃ ኮረብታ ላይ ወጥተን ስንቆም ያየነው ሁሉ እንዲገባልን እንፈልጋለን፤ ከተማው፣ ግንቡ፣ ደመናው፣ ባሕር ዛፉ፣ ከታች የሚያልፈው ባጃጅ ሳይቀር። ቤት ገብተን ስናየው ግን ያ ሁሉ ውበት የለም። ፎቶው ጠፍጣፋ ነው፣ ግንቡም ከዛፎቹ መሀል ተፈልጎ ነው የሚገኘው። ከዚያ ፊልተር እንጭንበታለን። ሰማዩ ከልክ በላይ ሰማያዊ፣ ሣሩ ከልክ በላይ አረንጓዴ ይሆንና ጭራሽ ይብሳል።

እኔ የማምነው ይሄንን ነው፦ ጥሩ የተፈጥሮ ፎቶ ዓይን የሚያርፍበት ቦታ አለው። አነሳሱም ኤዲቱም የሚሠሩት ለዚያ አንድ ቦታ ነው። ስታነሱ ቦታውን ትመርጣላችሁ፣ ኤዲት ስታደርጉ ወደዚያ የሚወስደውን መንገድ ትጠርጋላችሁ። ዓይን ደግሞ የራሱ ጸባይ አለው። ወደ ደማቅ ነገር ይሄዳል፣ ጥርት ወዳለ ነገር ይሄዳል፣ ከአረንጓዴና ከግራጫ መሀል ቀይና ቢጫ ይመርጣል፣ የሰውም ሆነ የእንስሳ ፊት ካየ መጀመሪያ እሱ ላይ ነው የሚያርፈው። ከዚህ በታች የምነግራችሁ ሁሉ ከዚህ ጸባይ የመጣ ነው። ለዚህ ውድ ካሜራ አያስፈልግም፤ የያዛችሁት ስልክ ይበቃል።

መጀመሪያ፦ ስልኩን አዘጋጁ

ሌንሱን ጥረጉ። ቀላል ይመስላል፣ ግን ኪስና ቦርሳ ውስጥ የከረመ ሌንስ የጣት ቅባት ይይዛል፣ በተለይ ፀሐይ ከፊት ስትመጣ ፎቶው ላይ ነጭ ጭጋግ ያለብሰዋል። ያንን በኤዲት ማስለቀቅ አይቻልም። ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ያዙ።

ከዚያ ካሜራው ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ግሪዱን አብሩ፤ ስክሪኑን ዘጠኝ ቦታ የሚከፍሉት ቀጫጭን መስመሮች ናቸው፣ ፎቶው ላይ አይወጡም። ፍላሹን አጥፉ። ፊት የሚያለሰልሰውን የቢውቲ ሞድም አጥፉ። ስልካችሁ ፕሮ ሞድና ሮው ፋይል ካለው ለዋና ዋናዎቹ ፎቶዎች ሮው ተጠቀሙ፤ ስልኩ ብዙም ሳይነካካው የሚያስቀምጠው ፋይል ስለሆነ ኤዲት ላይ ብዙ ይሸከማል። ቦታ ግን ይበላል፣ ስለዚህ ለሁሉም አይሆንም።

ዙም ላይ ጠንቀቅ በሉ። ስልኩ ላይ ለብቻው የተሠራ የዙም ሌንስ ከሌለ በሁለት ጣት የምትስቡት ዙም ያንኑ ፎቶ ቆርጦ ማስፋት ነው፣ ጥራቱ ይወርዳል። በእግር መቅረብ ከተቻለ ቅረቡ። ካልተቻለ እንዳለ አንሱትና በኋላ ቁረጡት።

ሰዓቱን ምረጡ

ጎንደር 12 ዲግሪ ተኩል ገደማ ሰሜን ላይ ናት፣ ከምድር ወገብ ብዙም አትርቅም። ስለዚህ ፀሐይ እዚህ ጋደል ብላ ሳይሆን ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው፣ ጥሩው ብርሃን ቶሎ ያልቃል። ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ አመሻሽ ላይ ደግሞ ከ11 ሰዓት ጀምሮ እስክትጠልቅ ያለውን ጊዜ ያዙ። በዚህ ጊዜ ብርሃኑ ከጎን ይመጣል፣ ጥላው ይረዝማል፣ ድንጋዩም ሣሩም ቅርጽ ያወጣል። በሚያዝያ አጋማሽና በነሐሴ የመጀመሪያ ሳምንታት አካባቢ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ልክ ከአናት በላይ ናት። ያኔ ጥላ የሚባለው ከእግር ሥር ይገባል፣ ፎቶውም ጠፍጣፋ ይሆናል።

ጎሃ ከከተማው በስተሰሜን ስለሆነ ከዚያ ወደ ታች ስታዩ ወደ ደቡብ ነው የምትመለከቱት። ይሄ መልካም ዕድል ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ጠዋት ከግራ፣ አመሻሽ ላይ ከቀኝ ብርሃን ታገኛላችሁ፣ ሁለቱም የጎን ብርሃን ነው። ቀትር ላይ ግን ፀሐይዋ ከፊት ለፊት ናት፣ ያንን ጊዜ እርሱት።

ቀኑ ደመና ከሆነ ቤት አትቀመጡ። የክረምት ደመና ብርሃኑን አለስልሶ ያወርደዋል፣ ለቅጠል፣ ለአበባ፣ ለእርጥብ ድንጋይ፣ ለዛፍ ቅርፊት ከዚህ የተሻለ የለም። አንድ ነገር ብቻ፦ ነጣ ያለውን ሰማይ ከፍሬሙ አውጡት። ባዶ ነጭ ሰማይ ዓይን ይጎትታል፣ የሚያሳየው ነገር ግን የለውም።

ከማንሳታችሁ በፊት በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩት

ስልኩን ከማውጣታችሁ በፊት «ይሄ ፎቶ ስለ… ነው» በሉ። ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ «እና» ከገባ ሁለት ፎቶ አንሱ። «ስለ ዛፉ እና ስለ ግንቡ ነው» አይሆንም። «ግንቡን ስላቀፈው ሥር ነው» ይሆናል።

ይህችን የፋሲል መዋኛ ላይ እንሞክራት። ገንዳውን የከበበው የድንጋይ አጥር ላይ የበቀሉት የዋርካ ዛፎች ሥራቸውን ከላይ ወደ ታች ለቀው ድንጋዩን ጨብጠው ይዘውታል። አብዛኛው ሰው ገንዳው ዳር ቆሞ ሕንፃውን፣ ዛፎቹን፣ አጥሩን፣ ጎብኚውን ሁሉ ያነሳል። እናንተ ወደ ሥሮቹ ቅረቡ። አንድ ሥር ብቻ ምረጡ፣ ወፈር ያለና አካሄዱ የሚያምር። ከላይ ከየት እንደሚነሳ፣ የትኛው ድንጋይ ላይ እንደሚታጠፍ፣ የት ላይ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ እንደሚጠፋ በዓይናችሁ ተከተሉት። አሁን ስልኩን አውጡና ሥሩ ከፍሬሙ የላይኛው ማዕዘን ገብቶ ወደ ታች በሰያፍ እንዲወርድ አድርጉ። የሚጠፋበት ስንጥቅ ከግሪዱ መገናኛዎች አንዱ ላይ ይሁን።

አሁን አራቱን ጠርዞች ተመልከቱ። ከላይ በቅጠሎቹ መሀል ነጭ ሰማይ ብቅ ካለ ስልኩን ዝቅ አድርጉ። በግራ የሰው ክንድ ከገባ እስኪያልፍ ጠብቁ። ከታች የተጣለ ሃይላንድ ካለ ጎንበስ ብላችሁ አንሱት፤ ለፎቶውም ለቦታውም ይጠቅማል፣ በኋላ በጣት ከመደምሰስም ይቀላል። ከዚያ ብርሃኑ ከጎን የሚመጣበትን ሰዓት ጠብቃችሁ ተመለሱ፤ ብርሃን አጥሩን ገርፎ ሲያልፍ እያንዳንዱ ሥር የራሱን ጥላ ይጥላል፣ የድንጋዩ ሻካራነትና የሥሩ ልስላሴ ለየብቻ ይታያሉ። ገንዳው ለጥምቀት ውሃ ሲሞላ ደግሞ ሌላ ፎቶ አለ፣ ነጸብራቁ። በነጸብራቅ ጊዜ የውሃውን ጠርዝ ልክ መሀል ላይ ማድረግ ይቻላል፣ ያምራልም።

ፍሬሙን መሥራት

የሦስትዮሽ ሕግ የሚባለውን ሁሉም ሰምቶታል፦ ዋናውን ነገር መሀል ላይ ከመትከል የግሪዱ መስመሮች የሚገናኙበት አድርጉት። ጥሩ ልማድ ነው፣ ግን እዚያ ላይ አትቁሙ። ከዚህ ይበልጥ ፎቶ የሚያበላሸው የተንጋደደ አድማስ ነው። ጎርጎራ ወርዳችሁ ጣናን ስታነሱ ውሃው ወደ አንድ ወገን የሚፈስ ከመሰለ ሌላው ሁሉ ቢያምር ዋጋ የለውም። ግሪዱን ከአድማሱ ጋር ግጠሙት።

ሰማይ ስንት ይያዝ? ሰማዩ የሚያሳየው ነገር ካለው፣ ለምሳሌ በክረምት መውጫ ላይ የሚቆለለው ደመና፣ ሁለት ሦስተኛውን ስጡት። ባዶ ከሆነ ጥቂት ይበቃዋል።

ገደልና ተራራ ስታነሱ ከፊት የሆነ ነገር ያስፈልጋችኋል። ሰሜን ተራሮች ሄዶ ገደሉን ብቻ ያነሳ ሰው «ጥልቀቱ አልታየም» ይላል፣ እውነቱን ነው፣ ዓይን የሚለካበት ነገር አላገኘም። ሳንቃበር አካባቢ የዛፍ ሽበት የተንጠለጠለበት የአስታ ቅርንጫፍ ከፊት አስገቡ። ጨነቅ የሚባለው ቦታ ላይ ደግሞ ጅብራ የሚባለው ረጅም የደጋ ተክል አለላችሁ። ጎንበስ በሉና ጅብራው ከፊት፣ ገደሉ ከኋላ እንዲሆን አንሱ። ወይም ጓደኛችሁ ከጠርዙ በደንብ ርቆ ይቁም። ትንሽ ሰው ሲገባ የተራራው ግዝፈት ወዲያው ይታያል። ጅንባር ፏፏቴን ለማንሳት ያሰበ ደግሞ ክረምቱ ሲወጣ ይሂድ፣ በበጋ ውሃው እየቀጠነ ይሄዳል።

ወቅቱም ለአየሩ ወሳኝ ነው። በመስከረምና በጥቅምት ዝናቡ አየሩን አጥቦት ስለሚሄድ ሩቅ ያለው ተራራ ጥርት ብሎ ይታያል። ከጥር በኋላ አቧራና ጭስ ይነሳል፣ ተራሮቹ እየደበዘዙ ይሄዳሉ። ይሄም ይጠቅማል። ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ ፀሐይ ወዳለችበት አቅጣጫ ዞራችሁ ተራራው በተራራ ላይ እየተደረበ፣ የቅርቡ ጠቆር፣ የሩቁ ፈዘዝ ብሎ የሚታይበትን ፈልጉ።

ጭላዳን ማንሳት

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ካለችው ደባርቅ አጠገብ፣ ሰሜን ተራሮች ላይ የሚገኘው ሀብት ሌላ አገር የለም። ጭላዳ ዝንጀሮ በዓለም ላይ ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው ያለው። የፎቶ ጀማሪም ይወደዋል፣ ምክንያቱም ቀኑን አብዛኛውን ቁጭ ብሎ ሣር እየነጨ ያሳልፋል። ሌሊቱን ገደሉ ላይ ያድርና ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ሜዳው ይወጣል፣ አመሻሽ ላይ ይመለሳል። እናንተን የሚጠቅሟችሁ ሁለቱ ጫፎች ናቸው።

ቁጭ በሉ። ቆማችሁ ወደ ታች ያነሳችሁት ጭላዳ ጀርባና ሣር ብቻ ነው፤ መሬት ላይ ተቀምጣችሁ ስልኩን በዓይኑ ልክ ስታደርጉት ግን ፊቱ፣ ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ምልክት፣ ከኋላው ያለው ሰማይና ገደል ሁሉ ይገባል። ፀሐይዋ ከእንስሳው ጀርባ እንድትሆን ቦታ ቀይሩ። የአውራው ጎፈር ዳር ዳሩ ይበራል፣ እያንዳንዱ ፀጉር ለብቻው ወርቅ ይመስላል። ስልኩ ግን በዚህ ብርሃን ይሳሳታል። ስለዚህ ጭላዳው ላይ ጣታችሁን ጫን አድርጋችሁ ያዙ፣ ፎከሱና ብርሃኑ ይቆለፋል፤ ከዚያ ጎኑ ላይ የምትመጣውን የፀሐይ ምልክት የጎፈሩ ዳር ፀጉሩ ለይቶ እስኪታይ ድረስ ወደ ታች ሳቡ። ፊቱ ጠቆር ቢል አትጨነቁ። ጨለማ ውስጥ ያለ ነገር በኤዲት ይወጣል፣ ነድዶ ነጭ የሆነ ግን አይመለስም። ይሄ ለሁሉም ፎቶ ይሠራል።

አሁን ጠብቁ። ሣር ሲነጭ አንገቱን ደፍቶ ነው፣ ቀና የሚልበት ጊዜ አጭር ነው። የማንሻውን ቁልፍ ቶሎ ቶሎ እየነካችሁ ተከታታይ አንሱ። ወደ ግራ የሚያይ ከሆነ በግራ በኩል ባዶ ቦታ ተዉለት፣ ዓይኑ የሚሄድበት ይኑረው። ምግብ አትስጡ፣ ግልገል የያዘች እናት አታሳዱ፣ አብሯችሁ ያለው ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) «ይበቃል» ሲል ቁሙ። እንስሳው ከተረበሸ ፎቶውም ላይ ይታያል።

ዋልያ ሌላ ነገር ነው። በስልክ ከሩቅ ነጥብ ነው የሚሆነው። እንግዲያው ለማጉላት አትታገሉ። ትንሽ ዋልያ በትልቅ ገደል ጫፍ፣ ዙሪያው ባዶ ሆኖ፣ ከደበዘዘ ትልቅ ዋልያ በብዙ ይበልጣል።

አደይ አበባ

የመስከረም ቢጫ ስልክን ያሳስታል፣ ብርሃኑ ሲበዛ ቅጠሎቹ አንድ ወጥ ቢጫ ሆነው ዝርዝራቸው ይጠፋል። ብርሃኑን ቆልፋችሁ ቀንሱ። ሜዳውን ሁሉ ከማንሳት አንድ ወይም ሦስት አበባ ምረጡና ዝቅ ብላችሁ ጀርባው ጥላ ወይም ግራጫ ድንጋይ እንዲሆን አድርጉ። ነፋስ ካለ እስኪቆም ጠብቁ።

ከዚያ መምረጥ

ብዙ ሰው ኤዲት ላይ የሚደክመው መጥፎውን ፎቶ ለማዳን ስለሚሞክር ነው። ጋለሪውን በትንንሽ ምስሎች ክፈቱና በሩቅ እዩት። የአውራ ጣት ጥፍር አክሎም «ይሄ ነው» የሚያሰኝ ፎቶ ካለ እሱን ያዙ። ከተመሳሳዮቹ አንድ ብቻ አስቀሩ። ዓይኑ ያልጠራ እንስሳ፣ የተንቀጠቀጠ አበባ፣ ይቅርባችሁ።

ኤዲቱ

ስናፕሲድ የሚባለው የኤዲት አፕ ነጻ ነው፣ አብዛኛውን ሥራ ይሠራል። ላይትሩም የሚባለው ሌላ አፕም የሞባይሉ ነጻ ክፍል ጥሩ ነው። ከመጀመራችሁ በፊት የስክሪኑን ብርሃን መካከለኛ አድርጉ፣ ማታ ማታ ስክሪኑን ቢጫ የሚያደርገውን የዓይን መከላከያም አጥፉ፤ አለዚያ ቀለሙ ይዋሻችኋል። ፀሐይ ላይ ቆማችሁ ኤዲት አታድርጉ።

ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። መጀመሪያ አቃኑና ቁረጡ። አድማሱን ቀጥ አድርጉ፣ ከዚያ ከየጠርዙ ለታሪኩ የማይጠቅመውን አውጡ። ብዙ ጊዜ ፎቶውን ከምንም ነገር በላይ የሚለውጠው ይሄ ነው።

ቀጥሎ አጠቃላይ ብርሃኑ። ስናፕሲድ ላይ ቱን ኢሜጅ የሚለው ውስጥ ግቡ። ያንን ከጀርባው ብርሃን ያለበት ጭላዳ እንውሰድ፦ ሃይላይቱን (ደማቁን ክፍል) ወደ −40 አውርዱት፣ ሰማዩና የጎፈሩ ዳር ይረጋጋል። ሻዶውን (ጨለም ያለውን ክፍል) +20 ገደማ፣ ፊቱ ብቅ ይላል። ከዚህ በላይ ከገፋችሁት ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል፣ ፎቶው የታጠበ ይመስላል። ኮንትራስት (የጨለማውና የብርሃኑ ልዩነት) +10። ቁጥሮቹ መነሻ ናቸው፣ ዓይናችሁን እመኑ። ከዚያ ዋይት ባላንስ፣ ማለትም የቀለሙ ሙቀትና ቅዝቃዜ። በጥላ ውስጥ የተነሳ ፎቶ ሰማያዊ ይመታዋል፣ ትንሽ ሞቅ አድርጉት። የማለዳ ብርሃን ግን ራሱ ሞቃት ነው፣ አትጨምሩበት።

አሁን ዋናው ሥራ፣ አብዛኛው ሰው የሚዘለው። እስካሁን የነካችሁት ሙሉ ፎቶውን ነው። ዓይንን የሚመራው ግን በየቦታው የሚደረገው ነው። ስልኩን ራቅ አድርጋችሁ ዓይናችሁን ጨፈን ጨፈን እያደረጋችሁ ፎቶውን እዩት፤ መጀመሪያ የሚታያችሁ ደማቅ ቦታ የቱ ነው? የጭላዳው ፊት ካልሆነ፣ ለምሳሌ ከታች ቀኝ ያለው የደረቀ ሣር ከሆነ፣ ሌባውን አገኛችሁት። ሴሌክቲቭ የሚለውን ክፈቱ፣ ሣሩ ላይ ነጥብ አስቀምጡ፣ በሁለት ጣት ክቡን አጥብቡት ወይም አስፉት፣ ብርሃኑን −25 አድርጉ። ሌላ ነጥብ ፊቱ ላይ፣ ብርሃን +15፣ ስትራክቸር (ዝርዝሩን የሚያጎላው) +10። ሌላ ነጥብ ሰማዩ ጥግ ላይ፣ −15። እንደገና ዓይናችሁን ጨፈን አድርጉ። አሁን ፊቱ ከቀደመ ቆሙ። ይሄ ሥራ በደንብ ሲሠራ ማንም አያውቀውም። ክብ ብርሃን ፊቱ ዙሪያ ከታየ አብዝታችሁታል።

ለዋርካው ሥርም ያው ነው። ሥሩን ትንሽ አብሩ፣ ዙሪያውን ያለውን ድንጋይ ትንሽ አጨልሙ። ለዚህ ብሩሹ ውስጥ ያለው ዶጅ ኤንድ በርን የሚለው ማብሪያና ማጨለሚያ ይሻላል፣ ምክንያቱም የሥሩን አካሄድ በጣት መከተል ይቻላል።

ጭጋግ ያለበት ተራራ ላይ ላይትሩም ዲሄዝ የሚል ጭጋግ መቀነሻ አለው። +10፣ ቢበዛ +20። ጭጋጉን ሙሉ በሙሉ ካጠፋችሁት ተራሮቹ በሙሉ አንድ ግድግዳ ላይ የተለጠፉ ይሆናሉ፣ ርቀቱን የሚነግረን እሱ ነበርና።

ቀለም የመጨረሻ ነው። ሳቹሬሽንን (የቀለሙን ድምቀት) ከ+10 አታሳልፉ። የክረምቱን አረንጓዴ ስልኮች ራሳቸው ያጋንኑታል፤ ላይትሩም ላይ ከለር ሚክስ ገብታችሁ አረንጓዴውን ብቻ −15 ብትቀንሱትና ትንሽ ወደ ቢጫ ብታስጠጉት ያ የምናውቀው የጎንደር ሣር ይመለሳል። ቢጫው አደይ ላይም ከመጨመር መቀነስ ነው የሚያዋጣው።

ሂሊንግ የሚለው መደምሰሻ ለሌንስ ነጠብጣብና ለትንሽ ቆሻሻ ይሁን። የሌለ ወፍ መጨመርና ሰማይ መቀየርን አልደግፍም። የተፈጥሮ ፎቶ የሚያይ ሰው «እዚያ ነበር» ብሎ ያምናል፣ ያንን እምነት መጠበቅ አለብን።

መጨረሻ ላይ ስናፕሲድ ውስጥ ዲቴይልስ ገብታችሁ ሻርፕኒንግ (ማጥሪያውን) +15 ገደማ ስጡ። ፎቶውን አጉልታችሁ ሰማዩ ላይ ቅንጣት ቅንጣት ከታየ ቀንሱ። ፎቶውን ጫን አድርጋችሁ ከድሮው ጋር አወዳድሩት፣ ከተቻለም አሳድራችሁ ጠዋት እዩት። ዓይን ማታ ኤዲት ሲያደርግ ይለምዳል፣ ጠዋት የበዛው ነገር ቶሎ ይታያል።

ስታስቀምጡ በኮፒ አስቀምጡ፣ ኦርጅናሉን አታጥፉ፤ ነገ እጃችሁ ሲሻሻል ትመለሱበታላችሁ። ኢንስታግራም ላይ ለቁም ፎቶ 4 በ5 ቁረጡት፣ ስክሪኑን ሞላ አድርጎ ይይዛል። ቴሌግራም ላይ ለጓደኛ ወይም ለማተሚያ ቤት ስትልኩ ደግሞ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት። እንደ ፎቶ ከሄደ ይጨመቃል፣ የጎፈሩ ፀጉር ዝርዝርም አብሮ ይጠፋል።